ለአርዲቦው ልጅ፦ ስለ ሰፊ ፊደል

ስማኝ ልጄ። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ተነሥተህ ኮምቦልቻ ኮድ መማርህ ደስ ብሎኛል። ሲ ቋንቋን ከጀመርህ ዘንዳ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስጻፉት ወንጌል ዛሬም አለ። የድሮ ጸሐፊ ከአንዱ ብራና ወደ ሌላው ነበር የሚገለብጠው፤ ምንጩ አይነካም። አንተ ግን ብዙ ጊዜ የምትገለብጠው እዚያው አሬይ (የፊደላት ቤቶች ተራ) ላይ ነው፤ ጣጣው እሱ ነው።

«አርዲቦ» ከሚለው ፊት «የ» ልትጨምር ፈለግህ እንበል። ፊደላቱን አንድ አንድ ቤት ወደ ቀኝ ትገፋለህ። ከ«አ» ከጀመርህ «አ» በ«ር» ላይ ያርፋል፤ ቀጥለህ «ር»ን አነሣሁ ስትል የምታነሣው ያንኑ «አ» ነው። ሲያልቅ «የአአአአ» ብሎ ቁጭ! ሐይቃችንን አጠፋህብን። ወደ ቀኝ ስትገፋ ከ«ቦ» ጀምር፤ ወደ ግራ ስትስብ ከፊት።

ይህን አቅጣጫ ራሱ አይቶ የሚሠራልህ፣ ሰፊ ፊደላትን (ከአንድ ባይት በላይ የሚይዙትን) የሚያዛውር ደብሊው-ሜም-ሙቭ የሚባል የሲ ፈንክሽን አለ። ወንድሙ ደብሊው-ሜም-ኮፒ ግን መነሻና መድረሻ ከተደራረቡ ዋስትና የለውም። «እኔ ጋ ሠርቷል» አትበለኝ። በ2010 እ.ኤ.አ. ግሊብሲ የተባለው የሊኑክስ ላይብረሪ በባይት የሚቆጥረውን የሜም-ኮፒን አሠራር ለፍጥነት ሲለውጥ፣ ፌዶራ 14 በተባለው ሊኑክስ ላይ የፍላሽ ማጫወቻ ድምፅ ተበላሸ። ፍላሽ በተደራረበ ቦታ ላይ ሜም-ኮፒን ይጠቀም ኖሯል፤ እስከዚያ ያዳነው ዕድል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መጠኑንም ልብ በል። ደብሊው-ሜም-ሙቭ የሚቆጥረው ፊደል እንጂ ባይት አይደለም። ሰፊ ፊደል በሊኑክስ 4፣ በዊንዶውስ 2 ባይት ነው ብለህ በልማድ ካባዛኸው ከአሬዩ ወጥተህ ሌላ ዳታ ታበላሻለህ። ለ«አርዲቦ» የመዝጊያውን ዜሮ ጨምረህ 5 በለው፤ «የ» ሲገባ ደግሞ 6 ቤት መኖሩን አስቀድመህ እይ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በሰፊ ፊደል ሳይሆን በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ አንዱን ፊደል አንድ ባይት አድርጎ የቆጠረ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ያልፍና በአማርኛ ይሰበራል።

አብሽር፣ ከባድ አይደለም። ብቻ ኮድህን ከማስረከብህ በፊት «አምባሰል» ብለህ ጻፍና ወደ ግራም ወደ ቀኝም ገፍተህ ፈትነው።