ለዘማች የሚሰጥ ነፃ ትምህርት፦ ውለታ ወይስ ዋጋ?

ባለፈው ዓመት በአሜሪካ የሚኖሩ ምእመናንን ለመጎብኘት በሄድሁበት ወቅት፣ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብለው፣ «አባ፣ ልጄ ለኮሌጅ የምንከፍለው ስለሌለን ወታደር ቤት ልግባ ይላል። ልመርቀው ወይስ ልከልክለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ወዲያው መልስ ለመስጠት አልቻልሁም። ጥያቄው የአንዲት እናት ብቻ አይደለምና፤ ሀገር ለዘማች የምትሰጠው የውለታ ምላሽ ነው ወይስ የተስማሙበት ዋጋ?

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት «ጂ አይ ቢል» በሚል ስም የታወቀውን ሕግ የፈረሙት እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1944 ነበር። መንግሥት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱት ወታደሮች የኮሌጅ ክፍያቸውን በዓመት እስከ 500 ዶላር ሸፈነ፤ መተዳደሪያም ሰጣቸው። ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ኮሌጅ ገቡ። የሐርቫርዱ ፕሬዚዳንት ኮናንት ሳይቀሩ የትምህርት ደረጃ ይወድቃል ብለው ሠግተው ነበር፤ ዘማቾቹ ግን ጎበዝ ተማሪዎች ሆነው ተገኙ። (ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ፦ በደቡብ ግዛቶች ብዙ ጥቁር ዘማቾች ለነጮች ብቻ በተከፈቱ ኮሌጆች ደጃፍ ቀርተዋል፤ ለእነርሱ የተፈቀዱት ጥቂት ኮሌጆችም ለሁሉም የሚበቃ ቦታ አልነበራቸውም። አብሮ የደማው ሁሉ እኩል አልተመሰገነም።)

ከእነዚያ ዘማቾች አብዛኞቹ በግዳጅ የተመለመሉ ነበሩ። ሕጉም የወጣው አሜሪካ ጦርነቱን ከገባች ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ስለሆነ፣ ወጣቱን ወደ ጦር ሜዳ የሳበ ማባበያ ነው ለማለት አይቻልም። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ምስጋናን ከፍትሕ ጋር የተዛመደ፣ ነገር ግን ከዕዳ ክፍያ የተለየ ምግባር አድርጎ አስተምሯል፤ ባለዕዳ የሚከፍለው የተበደረውን ያህል ሲሆን አመስጋኝ ግን ከተቀበለው አብልጦ ለመመለስ ይተጋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የግዳጅ ምልመላ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ወታደሩ ሁሉ ወዶ ገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት ሕግ 36 ወራት ላገለገለ በግዛቱ የመንግሥት ኮሌጅ ሙሉውን ክፍያ ይሸፍናል፤ ከዚያ ላነሰ ደግሞ እንደ አገልግሎቱ ዘመን እየቀነሰ ይሰጣል። መልማዩም ይህን ለወጣቱ የሚነግረው ሳይፈርም ነው። ስለዚህ በስሙ ያው ስጦታ ቢሆንም በግብሩ ዋጋ ሆኗል። ሆኖም በዚሁ ሕግ መሠረት፣ ለ30 ተከታታይ ቀናት ብቻ አገልግሎ በሥራው ላይ በደረሰበት ጉዳት የተሰናበተ ወታደር ሙሉውን ያገኛል። በወር እየቆጠረ የሚከፍል ሕግ ቁስል ሲያይ መቁጠሩን ይተዋል። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ይህ ድንጋጌ ነው፤ ነገሩ ደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሠላሳ ቀን ሠራተኛ የሠላሳ ቀን በተከፈለው ነበር።

«ወዶ የተዋዋለ ሰው ምን በደል ደረሰበት?» የሚሉ አሉ። ተበድሏል ለማለት አልደፍርም፤ ሠራተኛ ሁሉ ስለ ደመወዙ ይሠራል። ነገር ግን ባለጸጋው ወጣት በአባቱ ገንዘብ የሚገባበትን በር ድኻው ሕይወቱን አስይዞ የሚገባበት ከሆነ፣ ፈቃዱ ሐሰት ባይሆንም ሙሉ ፈቃድ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከዘማቹ ይነጠቅ ማለቴ አይደለም፤ ላልዘመተው ድኻም ሌላ በር ይከፈት ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ለዘማቹ የሚሰጠው እንደገና ምስጋና ይሆናል።

ለእናቲቱ በማግሥቱ፣ «ምርቃትዎን አይከልክሉት። ነገር ግን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ክፍያው በሌላ መንገድ ቢገኝ ኖሮ ይዘምት ነበርን?» አልኋቸው። በሳምንቱ እሑድ ተመልሰው መጡና፣ «ጠየቅሁት፣ አባ፤ ዝም አለኝ» አሉ።