የተበየደችው ሞተር

ሞተሬን ደብረ ማርቆስ ላይ የገዛኋት አዲስ ሆና ነው፤ ቻይና ሠራሽ፣ ቀይ፣ የመቀመጫዋ ላስቲክ እንኳን ያልተነሳ። በአራተኛው ወር ከመቀመጫው ሥር ሻንሲው ብየዳው ላይ ተሰነጠቀ።

ሻጩ ዘንድ ወሰድኳት። «እኛ ቸርቻሪ ነን፤ አስመጪውን ጠይቅ» አለኝ። አዲስ አበባ ደወልኩ። አስመጪው «የፋብሪካ ጉዳይ ነው፤ ደግሞ የእናንተን መንገድ ታውቀዋለህ» አለ። ለፋብሪካው በስልኬ እያስተረጎምኩ ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ በትሕትና መለሱልኝ፦ የገዛህበትን ድርጅት አነጋግር። ዞሬ ዞሬ መነሻዬ ላይ ተገኘሁ።

ሕጉ እንዲህ አያዞርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2085፣ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደ አገልግሎት ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ግን ከማርቆስ ተነስቶ ቻይና ያለ ፋብሪካ የሚከስ ማን ነው?

የሚያስፈራቸው ገበያ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የቻይና ፋብሪካዎች፣ በተለይ የቾንግቺንግ ከተማዎቹ፣ ቬትናምን በርካሽ ሞተር አጥለቀለቋት። እርስ በርስ በዋጋ ሲሻሙ ጥራቱ ወረደ፣ ስማቸውም አብሮ ወረደ። በ2002 ሆንዳ «ዌቭ አልፋ» የተባለ ረከስ ያለ ሞተር ሲያወጣ ብዙ ገዢ ወደዚያ ዞረ። ገዢ ፋብሪካን መቅጣት ይችላል፤ ለዚህ ግን ጉድለቱን ማወቅ አለበት።

እዚህ ጋ ነው የእኔ ነገር የሚመጣው።

ሻንሲውን አስበየድኩና ልሸጣት ወሰንኩ። የበየዱልኝ ሽማግሌ «ቀለም ከተቀባ ማንም አያውቅ፣ ልጄ» አሉኝ። ቀባሁት። አንድ ልጅ ሊገዛ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አያት፣ አስነሳት፣ ድምጿን ሰማ። ከዚያ «ወንድሜ፣ የተነካ ነገር አላት?» አለኝ።

«ምንም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እኔም ተታልዬ ነው የገዛኋት፤ ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል? ለመሆኑ የት ልትነዳት ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ደጀን ነኝ። ወደ ዓባይ በረሃ ሰው አመላልስባታለሁ» አለ።

ያን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ሻንሲው ቢከፈት ምን እንደሚሆን ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ነገርኩት። ቀለሙን በጥፍሬ ፍቄ ብየዳውን አሳየሁት። አመስግኖኝ ሄደ። ሞተሯ እስከ ዛሬ ግቢያችን ቆማለች።

ይህን የምጽፈው ደግ ሰው ነኝ ለማለት አይደለም፤ ደጀን ባይል ኖሮ ምን እመልስ እንደነበር አላውቅም። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። ፋብሪካው ደካማ ብየዳ አሳለፈ፣ አስመጪው በመንገድ አሳበበ፣ ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ፣ እኔ ቀለም ቀባሁ። እያንዳንዳችን ከሌላው ያነሰ ያጠፋን ይመስለናል። ጥፋት ግን እንደ ዳቦ ለአራት ሲቆረስ አያንስም። ልጁ ቢወድቅ የሚወድቀው ሩብ ሰው ሆኖ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ብየዳን ደብቀን በሸጥን ቁጥር አንድ አቤቱታ እናጠፋለን። ለዚህ ነው አስመጪው «ያንተ ብቻ ነው» ሲለኝ መልስ ያጣሁት። ምናልባት አሥር ሰው ተሰንጥቆበታል፤ አሥሩም ቀብቶ ሸጦታል። ያ አሥር ሰው የሻንሲ ቁጥሩንና የስንጥቁን ፎቶ ይዞ አንድ ቀን አብሮ ቢቀርብ፣ መንገዱ ላይ ማሳበብ ይከብድ ነበር።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል። እኔም ካሳውን ስጠይቅ ለራሴ በደንብ ቆርሼ ነበር። ለደጀኑ ልጅ ግን የቀረችኝ አንዲት እውነት ነበረች፤ እሷንም ለትንሽ ልነፍገው ነበር።