ማልያ በሌለበት



መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ፣ በአንድ ግጥሚያ በረኛችን ቀላል ኳስ አመለጠው። እኔ ተከላካይ ነበርኩና በሰው ፊት ሰደብኩት። ከዚያ ወዲያ ከጎሉ ወጥቶ ኳስ መያዝ ፈራ፤ ሁለት ጨመሩብን። ያ ስድብ እዚህ ጅቡቲ ድረስ ተከትሎኛል።

ታላላቆቻችን ስለ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲያወሩ ሰምታችኋል። አዲስ አበባ ላይ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራችን። አንዱን አቻ ባደረግን በቅጽበት ሁለተኛው ገባብን። ሰው ከሰው የሚናከሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። የእኛዎቹ ግን እንደገና አቻ ሆኑ፤ በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፉ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። የፋሺስት ጦር ከአገር ከወጣ ገና 21 ዓመት አልሞላም ነበር! በዚያ ማልያ ውስጥ ግን የእኛ ነው። (በደርግ ዘመን እሱም እንደኛው ተሰደደ።)

«ለጓደኛ ማቀበል ለራስ ማግባት ነው፤ ምኑ ደግነት ነው?» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ሜዳ ላይ የእሱ ጎል የእኔም ጎል ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ማልያ የሌለበት ቦታ ነው።

ባለፈው ሳምንት በውሃ ሰልፍ ላይ፣ ቋንቋውን የማናውቀው አዲስ ገቢ ሽማግሌ ጀሪካናቸው ተደፋ። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ መምህሩ ተራዬ እንዳያልፈኝ ቆሜ አየሁ። አንዲት ልጅ የራሷን ሙሉ ጀሪካን ሰጠቻቸውና፣ ባዶውን ይዛ ከሰልፉ ጭራ ሄዳ ቆመች።