በወደቀ ሥራ ላይ መሣቅ ይገባልን?

ሣቅ ለሰው ልጅ የተሰጠ ታላቅ ጸጋ ነው። ሰው በሥራ ደክሞ ውሎ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ሲጫወት፥ የተጫነው ሐሳብ ሁሉ በሣቅ ይቀልለታል። ነገር ግን ሣቅ ሁሉ አንድ አይደለም። አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ማለታቸው፥ አፍ በሚሥቅበት ጊዜ ልብ ከወዴት እንዳለ በጥርስ ብቻ ሊታወቅ ስለማይችል ነው። ወዳጁን ለማጽናናት የሚሥቅ አለ፤ የወደቀውን ለመርገጥ የሚሥቅም አለ። ሁለቱም ጥርሳቸውን ያሳያሉ፤ የሁለቱ ፍሬ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ስለዚህ ሰው በምን እንደሚሥቅ ብቻ ሳይሆን፥ እንዴት አድርጎ እንደሚሥቅም መመርመር ይገባዋል።

ይህ የቆየ ጉዳይ በዘመናችን አዲስ መልክ ይዞ መጥቷል። ዛሬ ሁለት ወይም ሦስት ወዳጆች በድምፅ መቅረጫ ፊት ተቀምጠው የሚጨዋወቱትን ጨዋታ፥ ፖድካስት በሚባለው መንገድ፥ በልዩ ልዩ አገር የሚኖር ሰው በፈለገው ሰዓት ያደምጠዋል። ከነዚህም ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ስለ አሮጌ ፊልሞች የሚያወሩ ናቸው፤ የሚመርጡትም የተመሰገኑትን ብቻ ሳይሆን የወደቁትንና የተረሱትን ጭምር ነው። ፈረንጆች «ከልት» ብለው የሚጠሩት የፊልም ወገን አለ፤ ይህም ብዙኃኑ ያልተቀበሉት፥ ጥቂቶች ግን እንደ ጽዋ ማኅበርተኞች ቀን ቆርጠው እየተሰበሰቡ፥ ንግግሩን በቃላቸው እየተናገሩ፥ ደጋግመው የሚያዩት ፊልም ማለት ነው። «ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» የተባለው ፊልም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ ተመልካች አላገኘም ነበር፤ በ1976 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በእኩለ ሌሊት መታየት ከጀመረ በኋላ ግን እንዲህ ያለ ማኅበር አፈራ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ሰው ገንዘቡን፥ ጊዜውንና ተስፋውን አፍስሶ በቅን ልብ የሠራው ሥራ ቢወድቅ፥ በውድቀቱ መሣቅ ይገባልን?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ኤድ ዉድ የተባለው አሜሪካዊ አዘጋጅ «ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ» የተባለውን ፊልም የሠራው በ1956 ዓ.ም. ነው። ገንዘቡን የሰጡት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ፤ የፊልሙ የመጀመሪያ ስም መቃብር ዘራፊዎችን የሚያነሣ ስለ ነበር ቅር አላቸውና ስሙ ተለወጠ። በ«ድራኩላ» ፊልም ስሙ የገነነው ተዋናይ ቤላ ሉጎሲ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሲሞት፥ በኤድ ዉድ እጅ የቀረው ጥቂት ምስል ብቻ ነበር። አዘጋጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ የሚስቱን ወጌሻ ካባ አልብሶ፥ ፊቱን በካባው ሸፍኖ፥ በሟቹ ፈንታ እንዲጫወት አደረገው። ወጌሻው ደግሞ ሟቹን ፈጽሞ አይመስልም ነበር። በዚሁ ፊልም ውስጥ አንዱ ትርኢት በቀን ብርሃን ተጀምሮ ወዲያው ሌሊት ይሆናል፤ ተመልሶም ይነጋል። ይህን አይቶ የማይሥቅ ሰው ቢገኝ፥ ጭምት ከማለት ይልቅ ሕመም ይኖርበት ይሆን ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ግን አያሥቅም። ኤድ ዉድ በድህነትና በመጠጥ ተጎድቶ፥ ከሚኖርበት ቤት በተባረረ በጥቂት ቀን ውስጥ፥ በ1978 ዓ.ም. በ54 ዓመቱ ሞተ። በ1980 ዓ.ም. የታተመ አንድ መጽሐፍ ፊልሙን ከፊልሞች ሁሉ የከፋ፥ እርሱንም ከአዘጋጆች ሁሉ የከፋ ብሎ በቧልት ሸለመው። ስሙም በሰፊው የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ቲም በርተን በሰውየው ስም የተጠራ ፊልም ሠራ፤ በዚያም ሉጎሲን ሆኖ የተጫወተው ማርቲን ላንዳው የኦስካር ሽልማት አገኘ። ይህን አይቶ፥ «ሣቅ ባይኖር ኖሮ ይህ ሰው ተረስቶ ይቀር ነበር፤ ስለዚህ ሣቁ ውለታ ዋለለት እንጂ አልበደለውም» የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህ ክርክር ግማሽ እውነት አለው፤ ለሠሪ ሰው ከመሣቂያነት ይልቅ መረሳት የሚከፋበት ጊዜ አለና። ነገር ግን ሟች መልስ አይሰጥም፤ አብሮም አይሥቅም። ስሙን ለመሣቂያ ብቻ ያቆየለት ሰው፥ አስታዋሽ ቢባል እንጂ ባለውለታ ሊባል አይገባውም። በርተን ያደረገው ከዚህ የተለየ ነው፤ የሰውየውን ጉድለት ሳይደብቅ፥ ለሥራው የነበረውን ፍቅር አብሮ አሳየ። ሣቁ አልቀረም፤ ከሣቁ አጠገብ ግን አክብሮት ተቀመጠ።

ሠሪዎቹ በሕይወት ሲኖሩስ? ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፍራጋሶ ያዘጋጀውና በ1990 ዓ.ም. የወጣው «ትሮል 2»፥ ስሙ ትሮል በሚባል ጭራቅ ቢጠራም በውስጡ አንድም ትሮል የለበትም። በዚህ ፊልም አባት ሆኖ የተጫወተው ጆርጅ ሃርዲ በሙያው የጥርስ ሐኪም ነው። ልጅ ሆኖ የተጫወተው ማይክል እስቲፈንሰን ካደገ በኋላ፥ ይህ የወደቀ ፊልም እንዴት ወዳጆችን እንዳፈራ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ በ2009 ዓ.ም. አወጣ። በዚህም ዘጋቢ ፊልም የጥርስ ሐኪሙ በሚሥቁት ተመልካቾች መካከል ቆሞ፥ የድሮ ንግግሩን እየደገመ፥ ከሁሉ ይልቅ ሲደሰት ይታያል። አዘጋጁ ፍራጋሶ ግን በመጀመሪያ የሰዉን ሰልፍ አይቶ ደስ ቢለውም፥ ተመልካቹ ለሣቅ ባልታሰበው ቦታ ሁሉ ሲሥቅ ባየ ጊዜ ቅር ተሰኘ።

አንድ ፊልም፥ አንድ ዓይነት ሣቅ፤ አንዱን አስደሰተ፥ ሌላውን አቆሰለ። ይህስ ስለ ምን ሆነ? ሐኪሙ ሌላ መተዳደሪያና ሌላ ክብር ነበረው፤ አዘጋጁ ግን ክብሩን ያኖረው በዚያው ሥራ ላይ ነበር። ሣቅ የሚያቆስለው ሰው ተስፋውን ባኖረበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው።

ታዲያ አዘጋጁ ስላዘነ ተመልካቹ በደለኛ ነውን? አይደለም። ሥራውን በአደባባይ ያቀረበ ሰው ለአደባባይ ፍርድ ራሱን ሰጥቷል። ደግሞም የጎለመሰ ሰው የሠራውን ሥራ፥ እንዳይከፋው ብሎ እንደ ሕፃን ሥዕል «ጎበዝ» እያሉ ማለፍ፥ ርኅራኄ ቢመስልም የተሸፈነ ንቀት ነው። ስለዚህ ሣቅ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ያለ ዕዳ አይፈቀድም። ዕዳውም ሦስት ነው።

አንደኛው፥ ሥራውን እስከ መጨረሻው ማየት ነው። በሰሚ ሰሚ መሣቅ ሐሜት እንጂ ሂስ አይደለም። ሁለት ሰዓት ታግሦ የተመለከተ ሰው ግን ለሠሪው ከብዙ ሰዎች የሚበልጥ ዋጋ ከፍሎለታል።

ሁለተኛው፥ በራስም መሣቅ ነው። በልጅነታችን ያስፈራንን ወይም ያስለቀሰንን ፊልም ዛሬ ስናየው፥ ጭራቁ የጎማ ልብስ፥ ተራራውም ቀለም የተቀባ ሸራ ሆኖ ይገኛል። በዚያን ጊዜ የምንሥቀው በሠሪው ብቻ አይደለም፤ ያን ሁሉ አምኖ አልጋ ሥር በተደበቀው ልጅም ጭምር ነው። ያን ልጅ ግን አንንቀውም፤ እንዲያውም እንናፍቀዋለን። የድሮ ፊልም ሲነሣ የወዳጆች ጨዋታ ከቧልት ወደ ፍቅር የሚያዘነብለው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው፥ የተከራካሪውን ቃል መስማት ነው። ፖል ሺር፥ ጁን ዳያን ራፋኤልና ጄሰን ማንዙካስ የተባሉት ሦስት አሜሪካውያን «ይህ እንዴት ሊሠራ ቻለ?» የሚል ትርጉም ያለው ስም በሰጡት፥ በ2010 ዓ.ም. በተጀመረው ፖድካስታቸው በወደቁ ፊልሞች ይሥቃሉ። ሦስቱም ራሳቸው ተዋናዮች ስለ ሆኑ፥ ይህ ዕጣ ነገ ለእነርሱም ሊደርስ እንደሚችል ያውቃሉ። በጨዋታው ውስጥም ያንኑ ፊልም ገዝተው የወደዱት ሰዎች በኢንተርኔት የጻፉትን ምስጋና የሚያነቡበት ጊዜ አላቸው። በምስጋናውም ቢሆን ይሥቃሉ፤ ሆኖም ሥራው ጠበቃ ሳይቆምለት አይፈረድበትም። እነርሱን ያስለቀሰ ሣቅ ሌላውን ሰው በእውነት እንዳጽናናው አድማጩ ይሰማል።

እነዚህን ዕዳዎች የከፈለ ሰው ራሱን በአንድ ነገር ይፈትን። ሠሪው አሁን በሩን ከፍቶ ገብቶ ከመካከላችን ቢቀመጥ፥ የተናገርሁትን ዓይኑን እያየሁ ልደግመው እችላለሁን? ሠሪው መደሰቱ ግዴታ አይደለም፤ ፍራጋሶም አልተደሰተም። ግዴታው ተናጋሪው ቃሉን የማይውጠው መሆኑ ነው።

ይህም ነገር የሲኒማ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጀማሪን ማመልከቻ ለባልንጀሮቹ እያነበበ የሚያሥቅ ሹም፥ የተማሪን ድርሰት በክፍል ፊት እየጠቀሰ የሚዘብት መምህር፥ የባልንጀራውን የመጀመሪያ ግጥም የሚያላግጥበት ተማሪ፥ ከፊልም ተመልካቹ የበለጠ ሊጠነቀቁ ይገባቸዋል። የፊልም አዘጋጅ ሥራውን ወድዶ ለሕዝብ አቅርቦታል፤ ተማሪው ግን ደብተሩን የሰጠው ለመምህሩ ብቻ ነው። አደራ በተሰጠ ነገር መሣቅና በአደባባይ በቀረበ ነገር መሣቅ አንድ አይደሉም። ኤድ ዉድ ከወደቀ በኋላም ሌላ ፊልም ሠርቷል፤ በክፍል የተሣቀበት ልጅ ግን ብዕሩን ጨርሶ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ያልተጻፈውንም ማንም ተሰብስቦ አያየውም።