ስለ መልካም ስንብት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ወደ ሥራ ሲገባ የሚመክረው፣ የሚመርቀውና ዋስ የሚሆነው ብዙ ነው። ከሥራ ሲወጣ ግን የሚመክረው ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው በክብር በገባበት በር በቍጣ ይወጣል፤ የብዙ ዘመን ድካሙንም በአንድ ቀን ንግግር ያጠፋዋል።

በቅርቡ አንድ የንስሐ ልጄ ወደ እኔ መጣ። በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ከበላዩ ያሉት ሁለት አለቆች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ይሽራል፤ ጥፋቱ ግን ዘወትር በእርሱ ላይ ይቈጠራል። በሰው ፊት ይዘልፉታል፤ እንቅልፍ አጥቷል፤ በቤቱም በልጆቹ ላይ መጮኽ ጀምሯል። «አባቴ፥ ነገ መዝገቡን ቈልፌ፣ ቍልፉን ይዤ እሄዳለሁ፤ የዓመቱን ሒሳብ እንዴት እንደሚዘጉት አያለሁ» አለኝ። ይህን የምጽፈው በኑዛዜ ሳይሆን በምክር የነገረኝ ስለ ሆነ፣ እርሱም ስለ ፈቀደልኝ ነው። እኔም የያዕቆብን ታሪክ አነበብሁለት።

ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት አገለገለ፤ 14ቱ ስለ ሁለቱ የላባ ልጆች፣ 6ቱ ስለ መንጋው ነበር። ላባ ደመወዙን ዐሥር ጊዜ ለዋወጠበት። አውሬ የሰበረውን በግ ያስከፍለው ነበር፤ ያዕቆብም ቀን በሐሩር፣ ሌሊት በውርጭ እየተሠቃየ እንቅልፍ አጣ (ዘፍ 31፥38-41)። እንግዲህ እንደዚህ ካለ ጌታ ቤት መውጣት ኀጢአት ነውን? አይደለም፤ ወደ አባቶቹ ምድር እንዲመለስ ያዘዘው እግዚአብሔር ራሱ ነውና። ቅዱስ ጴጥሮስ አገልጋዮች ለጠማማ ጌቶች እንኳ እንዲታዘዙ አስተምሯል (1ጴጥ 2፥18)፤ ቅዱስ ጳውሎስም ባርያ የነበረ ሰው አርነት መውጣት ቢቻለው እንዲጠቀምበት መክሯል (1ቆሮ 7፥21)። ሁለቱ አይጣሉም። ትዕግሥት ማለት በተቀመጡበት ጊዜ ሁሉ በታማኝነት መሥራት ነው እንጂ ለዘላለም መቀመጥ አይደለም።

የያዕቆብ ችግር በአወጣጡ ላይ ነበር። ላባ በጎቹን ሊሸልት በሄደ ጊዜ ሳይነግረው ኰበለለ፤ ራሔልም የአባቷን ጣዖታት ሰርቃ ነበር። ያዕቆብ ይህን አያውቅም፤ ነገር ግን በስውር የወጣ ሰው በእጁ ባልነካው ነገር ይጠየቃል። ላባ ሰባት ቀን ገሥግሦ በገለዓድ ተራራ ደረሰበት፤ ድንኳኑንም ሁሉ ፈተሸ። ሃያ ዓመት በታማኝነት ያገለገለ ሰው እንደ ሌባ ተበረበረ!

ያዕቆብ የፈራው በከንቱ አልነበረም፤ ሚስቶቹን እንዳይነጠቅ ሰግቶ ነበር። እንዲህ ያለ አደጋ ያለበት ሰው ቶሎ ቢወጣ አይነቀፍም። የሀገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ (ቍጥር 1156/2011) የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅዳል፤ አሠሪው ሰብአዊ ክብሩን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት ግን ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል። ሕጉ ይህን ያህል ካሰበለት፣ ክርስቲያን የሚኰበልልበት ምክንያት የለውም።

በመጨረሻ ላባና ያዕቆብ የድንጋይ ክምር ከመሩ፤ ያን ክምር ለክፋት እንዳይሻገሩ ተማማሉ፤ አብረውም እንጀራ በሉ። ወዳጆች አልሆኑም፤ በሰላም ግን ተለያዩ። ቅዱስ ዳዊትም በዐይንጋዲ ዋሻ ሳኦልን መግደል ሲችል የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቈረጠ፤ ስለዚያችም ቍራጭ ልቡ አዘነ (1ሳሙ 24)። ይሁን እንጂ ከታረቁ በኋላ ሳኦል ወደ ቤቱ፣ ዳዊትም ወደ አምባው ሄደ እንጂ ተመልሶ በሳኦል ማዕድ አልተቀመጠም። ይቅር ማለትና ተመልሶ መግባት የተለያዩ ናቸውና።

ለዚያ የንስሐ ልጄ የሰጠሁት ምክር እነሆ፤

አንደኛ፥ በተቈጣህበት ቀን አትውጣ። አባቶች «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ያሉት ስለዚህ ነው። አስቀድመህ ጸልይ፤ ከባለቤትህ ጋር ተማከር።

ሁለተኛ፥ የስንብት ደብዳቤህ አጭር ይሁን፤ የክስ ማመልከቻ አታድርገው። ሌላውን የሚጐዳ በደል ካለ ለሚመለከተው በግልጽ ንገር፤ በየሻይ ቤቱ ግን አታውራው።

ሦስተኛ፥ ርክክብህን ፈጽም። መዝገቡን ቈጥረህ፣ ቍልፉን አስፈርመህ አስረክብ። መዝገቡን ብትቈልፍ የሚጐዳው አለቃህ ሳይሆን ደመወዙን የሚጠብቀው ዘበኛና በአንተ ቦታ የሚተካው ልጅ ነው። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» አትባል። እንደ ራሔል ያለ ነገር በጓዝህ ውስጥ አይገኝ።

አራተኛ፥ ስለ አንተ ጥፋት ይቅርታ ጠይቅ፤ የእነርሱን ጥፋት ለእነርሱና ለእግዚአብሔር ተውላቸው። የሥራ ልምድ ማስረጃህን ግን ያለ ኀፍረት ጠይቅ፤ መብትህ ነውና።

እርሱም እንዲሁ አደረገ። በመጨረሻው ቀን ሊሰናበታቸው ገባ። አንዱ አለቃ ተነሥቶ ጨበጠው፤ ሌላው ከወረቀቱ ቀና አላለም። ይህን ሲነግረኝ ያዘነ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን «አባቴ፥ በዚያች ሌሊት ተኛሁ» አለኝ። ጌታችን ሰላማቸውን የማይቀበል ቤት ቢያገኙ ሰላማቸው ወደ እነርሱ እንደሚመለስ ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸው ይህን ነው (ማቴ 10፥13)።

በሰው ላይ የተሾማችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ለእናንተም አንድ ቃል አለ። ላባ ያዕቆብን በዘፈንና በበገና ሊሸኘው ይወድ እንደ ነበር ተናግሯል። ነገር ግን ዐሥር ጊዜ ደመወዝ የለወጠ ሰው የሚያሰማውን በገና ማን ያምናል? ሠራተኛችሁ በስውር ቢወጣ ከመፈተሻችሁ በፊት በግልጽ እንዳይናገር ያደረገው ምን እንደ ሆነ ኅሊናችሁን ጠይቁ።

መግባታችንንና መውጣታችንን እግዚአብሔር ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።