ለወንድሜ ልጅ፣ ስለዚያች ብልቃጥ

የወንድሜ ልጅ፣ ትናንት ማታ በስልክህ ያሳየኸኝ የብልቃጧ ፎቶ እንቅልፍ ነሣኝ። «ቫይታሚን ነገር ነው፣ ጂም የሚሠራ ሁሉ ይወጋዋል» አልከኝ። በላይዋ ያለውን ጽሑፍ ግን አንብቤዋለሁ፤ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ነው። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ዝም ብል አባትህ በመቃብሩ ይታዘበኛል።

መድኃኒቱን አልጠላውም። የራሱ ሆርሞን ላነሰው ሰው ሐኪም መርምሮና ለክቶ ያዝዘዋል። አንተ ግን ምን ጎደለህ? ኩርሙክ የወርቅ ጉድጓድ ስትቆፍር የጠነከረ ትከሻ አለህ።

ልብ ብለህ ስማኝ። አንጎላችን ሥር ፒቱታሪ የምትባል የባቄላ ፍሬ የምታክል ዕጢ አለች። የዘር ፍሬዎችን ሥሩ ብላ የምታዘው እሷ ናት። ከውጭ የገባው ሆርሞን ደሙን ሲሞላው ትእዛዟን ታቆማለች። ያኔ የዘር ፍሬዎቹ ሥራ ይፈታሉ፣ ይሟሽሻሉ፤ የወንዱ ዘር ይመናመናል፣ ጨርሶ የሚጠፋበትም አለ። ወንድነት ይጨምርልኛል ብለህ የገዛኸው ነገር አባት መሆንን ሊነሣህ ይችላል። መርፌውን ስታቆም ደግሞ ዕጢዋ በማግስቱ አትነቃም። ወራት ይፈጃል፤ ዓመት ያለፈው አለ፤ እንደ ድሮው ያልተመለሰም አለ። እስከዚያ ጡንቻው ይሟሟል፣ ሆድ ይብሳል፣ ጭንቀት ይወርሳል፤ መርፌውን ያቆመው ልጅም ይህን መሸከም ሲያቅተው ወደ መርፌው ይመለሳል። ከሁሉ በላይ የፈራሁልህ ይህን ነው።

ልብም ጡንቻ ናት። ክንድህ ሲወፍር የእሷም ግድግዳ ይወፍራል፤ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ደሙም ይወፍራል። በዚህ በእኛ ቆላ ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ ላብህ ሲንጠፈጠፍ፣ እንዲህ ያለ ደም በቀጭን የደም ሥር ሲያልፍ አስበው። ገና በጉልምስናቸው በልብ ድካምና በስትሮክ የወደቁ አሉ። በአፍ የሚዋጡት ዓይነቶች ጉበትን ይጎዳሉ። ብልቃጧን ታናሽ ወንድምህ እንዳያያት ደብቃት፤ ቁመቱን ያልጨረሰ ልጅ ከወሰደው የአጥንቱ ማደጊያ ያለ ጊዜው ይዘጋና ባለበት ይቀራል።

መርፌውንስ ከጓደኛህ ጋር ተጋርታችኋል? ከተጋራችሁ ሳታፍር ንገረኝ። ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ በዚያው መንገድ ይገባሉ።

«ሯጮቹስ ይወስዱት የለም ወይ?» ብለኸኛል። ሯጩ ቤን ጆንሰን በ1981 ዓ.ም. መስከረም ሴኡል ኦሎምፒክ ላይ 100 ሜትሩን በ9.79 ሴኮንድ ሮጠ፤ ሽንቱ ውስጥ ስታኖዞሎል የሚባል የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ተገኘና በሦስተኛው ቀን ወርቁን ተነጠቀ። ከእኛም የ3,000 ሜትር መሰናክል ሯጯ ዘርፌ ወንድምአገኝ በቴስቶስትሮንና ኢፒኦ በሚባል ሌላ የተከለከለ መድኃኒት ምክንያት 5 ዓመት ታግዳለች። ስሟን ያነሣሁት ልወቅሳት አይደለም፤ እንደዚያ ለፍቶ የደረሰ ሰው ሲወድቅ ያመኛል።

እግረ መንገዴን የእህትህን ነገር ላንሣ። ለመወፈር ብለው ሴቶች የሚውጡት ዴክሳሜታዞንም እንደ ቴስቶስትሮን ስቴሮይድ ይባላል፤ ያንተ ዓይነት ግን አይደለም። እሱ ፊትን ያሳብጣል፣ ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል። እህትህ ረጅም ጊዜ ከወሰደችው በድንገት እንዳታቆመው፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሳታል።

አንተ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተወጋሁት ብለኸኛል፤ አምንሃለሁ። ሦስተኛውን ለአላህ ብለህ ተወው። ክብደቱን አንሣ፤ እኔ የተጣላሁት ከመርፌው ጋር ነው። ባቄላውን፣ እንቁላሉን፣ ዓሣውን ብላ፤ እንቅልፍህንም ጠግበህ ተኛ።

ብልቃጧን ግን እንዳትጥላት፤ ሐኪሙ ጽሑፉን ይይላት። ቅዳሜ ጠዋት በሚነሣው መኪና አብረን አሶሳ እንሂድ፤ ግፊትህን ይለኩህ፣ ደምህንና ጉበትህን ይመርምሩህ። ለእናትህ ምን እንደምንላት መንገድ ላይ እንመካከራለን።