ሳያውቁ መፍረድ

አንድ ሰው ጎረቤቱን ይከሳል፤ «ሃያ ሺህ ብር አበድሬው አልመለሰልኝም» ይላል። ተከሳሹ «ከእሱ ተበድሬ አላውቅም» ብሎ ከካደ ማበደሩን የሚያስረዳው ከሳሹ ነው፤ ካላስረዳ ይረታል። «ተበድሬ ነበር፤ ግን ከፍያለሁ» ካለ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መበደሩን በገዛ አፉ ስላመነ መክፈሉን ማስረዳት የእሱ ፋንታ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2001 የሚለው ይህንኑ ነው፦ ግዴታ አለ የሚል መኖሩን፣ ቀርቷል የሚል መቅረቱን ያስረዳ።

እዚህ ላይ ሕሊናን የሚቆረቁር ነገር አለ። ተበድሮ የካደ ሰው፣ ወረቀት እስከሌለ ድረስ፣ ያሸንፋል። ተበድሮ የመለሰና እውነቱን የተናገረው ግን ደረሰኝ ከሌለው ዳግመኛ ይከፍላል። ታዲያ ሕጉ ለውሸታም ያደላል?

የማስረዳት ሸክምን እውነት መፈለጊያ አድርገን ካየነው መልሱ አዎ ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ሲያጥረው ጉዳዩን በእንጥልጥል ሊተወው ይችላል፤ ዳኛ ግን መዝገቡን መዝጋት አለበት። ምስክር ተሰምቶ፣ ሰነድ ተመርምሮ ምንም ካልጠራ፣ «አላወቅሁም» ብሎ ማሰናበት ራሱ ገንዘቡን ለያዘው መፍረድ ነው። ስለዚህ ሕጉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ እውነቱ ሳይታወቅ ቢቀር ኪሳራው የማን ይሁን?

በፍትሐ ብሔር ክርክር ኪሳራው የሚወድቀው በአብዛኛው ማስረጃ ማዘጋጀት ይችል በነበረው ሰው ላይ ነው። አበዳሪ ውል ማጻፍ፣ ከፋይም ደረሰኝ መቀበል ይችሉ ነበር። ቁጥር 2472 ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም የሚለው በዚህ አስተሳሰብ ነው። ይሁንና 500 ብር ያኔ ለብዙ ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነበር፤ ዛሬ ወዳጅ ለወዳጁ ሳይቆጥር የሚሰጠው ነው። ወንድሙን «ፈርምልኝ» ማለት የሚከብደው ሰው አለ። ሸክሙ ቸልተኛውን ብቻ ሳይሆን ይሉኝታ የያዘውንም ይጫናል።

በወንጀል ጉዳይ ሚዛኑ ይለያል። አንዱ ወገን ፖሊስ፣ ብርበራና እስር ያለው መንግሥት ነው፤ የስህተቱ ዋጋም የሰው ነፃነት ነው። ሸክሙ በሌላ ወገን ሲወድቅ ምን እንደሚመስል ከታሪካችን እናውቃለን። በአውጫጭኝ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ያገሬው ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይያዝ ነበር። በሌባሻ ደግሞ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት የተሰረቀውን ዕቃ ክፈል ይባል ነበር። አለመስረቁን በምን ያስረዳ? ያልሆነ ነገር ምስክር የለውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር፣ በራሱም ላይ እንዲመሰክር ያለመገደድ መብት ሰጥቶታል። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 141 መሠረትም የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ፣ ባይስተባበል እንኳ፣ ለጥፋተኛነት የማይበቃ ከሆነ ተከሳሹ አንድም የመከላከያ ምስክር ሳይጠራ ይሰናበታል። ዝምታው አይቆጠርበትም።

የሙስና ወንጀሎች ሕግ ግን ከዚህ ፈቀቅ ይላል። ኑሮው ከሕጋዊ ገቢው በላይ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የሀብቱን ምንጭ ካላስረዳ ይቀጣል። ምንጩን ከባለቤቱ የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ ምክንያቱ ውኃ የሚያነሳ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ተከሳሽ ስለ ራሱ ከሌላው የበለጠ ያውቃል፤ ምክንያቱ ካልተገደበ ለስርቆትም ለግድያም ይሠራል። ለዚህም ነው ዐቃቤ ሕግ በመጀመሪያ የሀብቱንና የገቢውን አለመመጣጠን ማሳየት ያለበት።

«በነፃ ተሰናበተ» የሚል ዜና ስንሰማ አንዳንዶቻችን ንጽሕናው ተመሰከረለት፣ ሌሎቻችን ዳኛው ተሸነገለ እንላለን። ፍርዱ ግን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሳሽ አላስረዳም። ዳኛ አለማወቁን እንዲህ በይፋ እንዲናገር የማይፈቅድ፣ በዳዩ ሁልጊዜ ይታወቅልኝ የሚል ሕዝብ የማስረዳት ሸክም አያስፈልገውም፤ ሌባሻ ይበቃዋል።